የሥ/ፈ ሴቶች ዝርዝር

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የእኔ ነው። ወድቆ ያገኘው ሰው እንዳያነበው። ማንበብ የማይችል ከሆነ ደግሞ ይዞት ይምጣ፣ እኔው አነብለታለሁ።

የማታውን ትምህርት ጨረስኩ። አንደኛ ወጣሁ። ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ መጻፍ ደብተር ማጨናነቅ ነው። (እስከ መጨረሻው የዘለቅነው አራት ነበርን፤ አንዷ የፈተናው ዕለት ጥርሷን አሟት ቀረች።) መምህሩ የምስክር ወረቀቱን ሲሰጠኝ «እናቴ፣ አንድ ነገር ልምከርዎት፤ ሲያነቡ አይቸኩሉ» አለኝ። ቅናት ነው። እሱ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ምስር እየለቀመ ነው የሚያነበው። እኔ የመጀመሪያዋን ፊደል ካየሁ የቀረውን ራሴ እጨርሰዋለሁ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ወሬ መሀል ላይ ገብቼ መጨረሻውን ሳውቅ የኖርኩ ሴት፣ አንድ ቃል ያቅተኛል?

የሳሙና ማኅበራችን ጸሐፊ አድርጎ መርጦኛል። ስድስት ሴቶች ነን፤ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ተወዳዳሪ አልነበረኝም። ጀግና ተወዳዳሪ የለውም። እስከ ዛሬ «ሬዲዮ» ነበር የሚሉኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ጸሐፊ በሉኝ» አልኳቸው።

«እሺ ሬዲዮ» አሉኝ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

የእኔ ሥራ ማገላበጥ ነው። ሳሙና እንደ በሽተኛ ነው፤ ተቆርጦ መደርደሪያ ላይ ከተኛ በኋላ አራት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ካላገላበጡት በአንድ ጎኑ ያልበዋል። ይህን የምጽፈው መደርደሪያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ደብተሩ ይሸታል፤ ጥሩ ሽታ ነው።

ጥሩ ያልሆነው ባለ ጋራዡ ነው። የምንሠራበት የኋላ ክፍል የእሱ ነው። ዛሬ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «እስከ ሐምሌ ሠላሳ ነው። ከዚያ በኋላ መኪና ላቆምበት ነው» አለ።

ሊቀመንበራችን የማማሰያውን እንጨት ሳታቆም «ሳሙና መኪና አይደለም፣ በአንድ ቀን አስነስተን አንነዳውም» አለችው። ክንዷ የእኔን ጭን ያክላል። በወጣትነቷ ጆንያ ተሸካሚ ነበረች። እሱም ክንዷን አይቶ ድምፁን ቀነሰ፤ ቀኑን ግን አልቀነሰም።

ከዚህ ከወጣን መሄጃ የለንም። የሁላችንም ቤት አልጋና ምድጃ ተዛዝለው የሚኖሩበት ነው። አምና ክፍሉ ጣሪያው ሲጠገን ሳሙናውን ደጅ ላይ ሸራ ሥር አድርገነው ነበር። አንድ ዝናብ መጣ። መንገዱ በሙሉ አረፋ ሆነ፤ ሰፈሩ በነጻ ታጠበ፤ የሁለት ወር ልፋታችን ቦይ ገባ። እኔ ቀለድኩበት። ሊቀመንበሯ አልቀለደችም።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ትልቅ ቀን! ደብዳቤ መጣ!

የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ተላላኪ ይዞት መጥቶ «ለጸሐፊው» አለ። «ለጸሐፊዋ» ብዬ አረምኩት። ሴቶቹ ጓንታቸውን እንዳደረጉ ከበቡኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ አሁንም ጠረግሁ። ተላላኪው «ቢያነቡትስ?» አለኝ።

«ጉዳዩ፦ ለጥናት የሚሆኑ ሥ/ፈ ሴቶችን ስለመጠቆም። በሰፈራችሁ የሚገኙ ሰባት ሥ/ፈ ሴቶችን ስምና መኖሪያ ማኅበራችሁ በጸሐፊው በኩል እንዲልክልን እንጠይቃለን።»

«ሥ/ፈ ምንድን ነው?» አለች ሊቀመንበሯ።

መምህሩ ይባረክና በእዝባር የሚያጥሩ ቃላትን በሙሉ አስተምሮናል። «ት/ቤት ምንድን ነው? ትምህርት ቤት። ጽ/ቤት? ጽሕፈት ቤት። ወ/ሮ? ወይዘሮ። ሥ/ፈ ደግሞ ሥራ ፈት ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

«የሥራ ፈት ሴት ምኑ ይጠናል?»

«መንስኤው» አልኳት። ይህን ቃል የተማርኩት ባለፈው ሳምንት ነው፤ መዋያ ስፈልግለት ነበር።

«ታዲያ ለምን እኛን ይጠይቃሉ?»

«ሥራ ፈትን ከሚሠራ ሰው በላይ ማን ያውቀዋል?»

ዝም አሉ። ዝም ማሰኘት እንዴት ይጥማል! አንዷ ብቻ «ሁለተኛው ወረቀትስ?» አለች። እሱ ሰላምታና ማኅተም ነው አልኳት። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ የሚገላበጥ ሳሙናም ነበረኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ አሳየሁት። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ንግግሩንም እንደ ውሃ ነው የሚቆጥበው። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየና «ሁለት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ወረቀቱ።»

ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ይቆጥራል።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ዝርዝሩን ሠራሁ። እንደዚህ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም።

አንደኛ፣ የባሌ እህት። ሰፈሩ «መስኮት» ይላታል። ጠዋት ክርኗን ትራስ ላይ አስደግፋ መስኮቷ ላይ ትቀመጣለች፤ ማታ ትነሣለች። ሰው ይወጣል ይገባል፤ እሷ ታያለች። በቃ። እኔና እሷ ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። ምክንያቱን ረስቼዋለሁ። (ልጄ የተመረቀች ዕለት በሰው ፊት «የእናቷ ምላስ ባያሰናክላት ይህን ዲግሪ ከዓመት በፊት ታገኘው ነበር» ብላኛለች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ግራ እጇ ላይ ብርጭቆ ይዛ ነበር።)

ሁለተኛ፣ «እንቅልፌ» የምንላት። እኩለ ቀን ሳይሆን መጋረጃዋ አይከፈትም።

ሦስተኛ፣ «ዙረት»። ጃንጥላዋን ይዛ ቀኑን ሙሉ ትዞራለች፤ እጇ ላይ አንድም ዕቃ ታይቶ አያውቅም።

የቀሩትን አራቱን ከየደጃፉ ለቀምኳቸው።

ለማኅበሩ ሳነብላቸው ሳቁ። ሊቀመንበሯ ግን «ሰው ማማት እንዳይሆንብን» አለች። ማኅተም ያለበት ሐሜት ሐሜት አይደለም አልኳት።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ተላከ። ፊርማዬ ያምራል። ጅራቱን ሦስት ጊዜ ጠምዝዤዋለሁ።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

አጥኚዋ መጣች። የልጄ እኩያ ናት፤ መነጽር፣ የጭቃ ቦቲ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ታብሌት። በራችን ክፍት ነበር፤ ስድስታችንም ሽርጣችንን አድርገን ሥራ ላይ ነበርን። «ደህና ዋላችሁ፤ እንዴት ደስ የሚል ሽታ ነው!» አለችና አልፋን ሄደች። ቀጥ ብላ ወደ መስኮት።

«እኛን ምነው አለፈችን?» አለች ሊቀመንበሯ።

«እኛ ምን አደረግን? ሥራ ላይ ነን እኮ!»

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

አጥኚዋ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ፈለገች። እኔን ሰጧት። ሌላ ማንን ሊሰጧት ነው?

የባሌ እህት ቤት አልገባሁም፤ ኩርፊያ ኩርፊያ ነው። መስኮቱ ሥር ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የሰማሁትን እንዳለ እጽፋለሁ።

«ሥራውን መቼ ጀመሩት?» አለቻት ልጅቷ።

«የቱን ሥራ?»

«ይህንን፣ እዚህ የሚሠሩትን።»

የባሌ እህት «እግሬን ካመመኝ ወዲህ» አለች።

«ብቻዎን ነው የጀመሩት?»

«ከትራሱ ጋር።»

ነጠላዬን ነከስኩ።

«ትልቁ ተግዳሮትዎ ምንድን ነው?»

«ተግዳሮት ምንድን ነው?»

«ችግር ማለቴ ነው።»

«ፀሐይ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፊቴን ይመታኛል።»

ነጠላዬን ልቀደው ነበር። ከዚያ ልጅቷ «ግድግዳው ላይ ያሉት ቁልፎች ምንድን ናቸው?» አለች። እኔም ተንጠራርቼ አየሁ። ጣውላ ላይ በመደዳ ምስማር ተመትቷል፤ በየምስማሩ ቁልፍ፣ በየቁልፉ ላይ ልዩ ልዩ ቀለም ክር። ሃያ ሦስት ናቸው፤ ልጅቷ ስትቆጥር ሰማሁ።

«ቀዩ የነርሷ ነው። አዳሯ ሲሆን ልጇ ከትምህርት ቤት መጥቶ ከእኔ ይወስዳል። አረንጓዴው የሹፌሩ ነው፤ ሲመለስ ራሱ አያስታውስም፣ አስታውሰዋለሁ። አልጋው ሥር ያለው ዕቃ የሰው አደራ ነው። የዚያች የማዕዘኗ አሮጊት መጋረጃ እስከ ሦስት ሰዓት ካልተከፈተ ሰው እልካለሁ። ዘንድሮ ሁለቴ ወድቃ አግኝተናታል። ለዚህ ለዚህ ሰዉ የአቅሙን ያደርግልኛል። ሥራ ነው እንዴ ይሄ?»

ልጅቷ ትጽፋለች፣ ትጽፋለች።

መጨረሻው ምስማር ላይ ያለው ቁልፍ በነጭ የቧንቧ ቴፕ ተጠቅልሏል። የእኛን ቤት ቁልፍ ይመስላል። የሚመሳሰል ቁልፍ ብዙ ነው።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

«የቤታችን ቁልፍ ስንት ነው?» አልኩት ባለቤቴን።

«ሦስት።»

«እኔ የማውቀው ሁለት ነው።»

«አዎ፣ የምታውቂው ሁለት ነው» አለኝ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

እንቅልፌ ዘንድ ሄድን። በሰባት ሰዓት፤ ገና ፊቷን አልታጠበችም። ክፍሏ ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ አንሶላ ነው። የሁለት ሆቴል አንሶላ እያጠበች ሌሊት ትተኩሳለች። ቀን መብራቱ ጉልበት የለውም፣ ካውያው አይግልም፤ ሰው ሲተኛ ነው መብራቱ የሚበረታው አለች። ስለዚህ መብራቱ ሲበረታ ትሠራለች፤ ሲደክም ትተኛለች። ይህን ሥራ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ በደጇ ሳልፍ «ተነሽ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው!» እያልኩ ስጮህባት ኖሬያለሁ። እሷ ግን ረጋ ብላ «የእርስዎ ድምፅ ነው የሚቀሰቅሰኝ፤ ሰዓት አልገዛሁም» አለችኝ።

ሳሙናዋን አየሁት። የፋብሪካ ነው፤ ከሩቅ የመጣ።

«እኛ አፍንጫሽ ሥር ሳሙና እንደምንሠራ አታውቂም?»

«አውቃለሁ። የምትሸጡት ጠዋት ነው፤ ጠዋት እተኛለሁ።»

ስንወጣ አጥኚዋ ክንዴን ያዘችና «እናቴ፣ ምርጫዎ አስደንቆኛል። ሌላ ሰፈር የሚጠቁሙን ታፔላና ሱቅ ያላቸውን ብቻ ነው። እርስዎ ግን ማንም ልብ የማይላቸውን ሥራ ፈጣሪዎች ነው ያወጡልን» አለችኝ።

«ሥራ ምን?»

«ሥራ ፈጣሪዎች።»

ሳል ያዘኝ። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ዝናብ። ራስ ምታት። ሳሙና አላገላበጥኩም።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ሁለተኛውን ገጽ አነበብኩት። ሁሉም ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ መደርደሪያው ሥር፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ልክ እንደ መምህሩ አንድ በአንድ እየለቀምኩ።

«በጥናቱ የሚካተቱ ሥራ ፈጣሪ ሴቶችና ማኅበሮቻቸው በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት ለሚከፈቱት የመሥሪያ ክፍሎች ቅድሚያ ያገኛሉ። የእናንተም ማኅበር ራሱን መጠቆም ይችላል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው።

የመሥሪያ ክፍል። ጣሪያ ያለው። ደረቅ።

ሰላምታውስ በእርግጥ አለ። ከታች «ከሰላምታ ጋር» ይላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትኩም።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

«የሥራ ፈቶቹ ምርመራ ምን ደረሰ?» አለችኝ ሊቀመንበሯ።

«በሂደት ላይ ነው።»

«ሂደት» የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው እንደ እኔ ያለ ሰው መሆን አለበት።

ሰኔ 25፣ ረቡዕ

መላ መታሁ። አጥኚዋ በራሷ እግር ወደ እኛ ክፍል ብትመጣ፣ በራሷ ዓይን ብታይ፣ በራሷ ብትጨምረን፣ ማን ምን ያውቃል? ስለዚህ ሳታየኝ ሳሙና ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩ፤ ሽታው ይስባታል ብዬ። የከተትኩት ገና ያልደረቀውን ነው። ከዚያ ዘነበ። ቦርሳዋ የሚያፈስ ኖሯል።

መንገድ መሀል ላይ ከቦርሳዋ አረፋ ሲወጣ ሕዝብ ቆሞ አየ። ታብሌቷን እያበሰች «ይህ የእናንተ ሳሙና አይደለም እንዴ? እንዴት አረፋ ያወጣል!» አለች። እንደዚህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ተበላሽቶባት እንኳ ታመሰግናለች። ቀጥላ የፈራሁትን ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ማኅበራችሁ ራሱን ለምን አልጠቆመም?»

«ትሕትና ነው» አልኳት።

በሕይወቴ ስለ ራሴ እንዲህ ያለ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።

እንዲህ አለችኝ፦ ዝርዝሩ ከሰባት አይበልጥም። ለመቀየር እስከ ሐምሌ 10 ድረስ የማኅበሩ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በስብሰባ የተነበበ፣ አባላቱ የፈረሙበት፣ ምክንያቱን የሚገልጽ።

«ምክንያቱን?»

«ምክንያቱን።»

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ረቂቅ አንድ፦ «ደብዳቤው በዝናብ ስለረጠበ…» (ተላላኪው ደረቅ አድርጎ እንዳመጣው ስድስት ሰው አይቷል።)

ረቂቅ ሁለት፦ «ጸሐፊዋ መነጽር ስላልነበራት…» (አሁንም የለኝም። በጨለማ ሳይቀር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ እያልኩ ስፎክር የኖርኩት እኔ አይደለሁም?)

ረቂቅ ሦስት፦ «የጽ/ቤቱ አጻጻፍ አሻሚ በመሆኑ…» ይህ እውነትነት አለው። ግን «አሻሚ» ለምትል ሴት «ፈጣሪ» እንዴት ጠፋት ይሉኛል።

ረቂቅ አራት፦ ባዶ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ባለ ጋራዡ ሜትር ይዞ መጣ። መደርደሪያችንን እንደሌለ ቆጥሮ ከግድግዳ ግድግዳ ለካ። «ሁለት መኪና ይይዛል» አለ ለራሱ። ሊቀመንበሯ ስታማስል ብዙ ጊዜ ታንጎራጉራለች። ዛሬ አላንጎራጎረችም።

እሱ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረችና «እስቲ ያንን አዲስ ሕንፃ ለሚሠሩት ሰዎች፣ ክፍል እንዲሰጡን አንድ ደብዳቤ ጻፊልን፣ ጸሐፊ» አለችኝ።

ጸሐፊ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ሬዲዮ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

አሰብኩት። እኛ እንድንገባ አንድ ሰው ይውጣ። ቁጥር አንድ ትውጣ። እሷ መስኮት አላት፣ መሥሪያ ክፍል ምን ያደርግላታል? ሄጄ በጨዋ ደንብ እነግራታለሁ አልኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የባሌን እህት ደጃፍ ረገጥኩ።

«እንደምን ዋልሽ እትዬ።»

«ስትመጪ አይቻለሁ» አለች፤ «ከመታጠፊያው ጀምሮ። ሦስቴ ቆመሻል። ሁለቴ ተመልሰሻል። ተቀመጪ።»

ሳልቀመጥ ነገርኳት። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ዝርዝሩ፣ ስለ ሰባቱ። ስለ ፈ ግን አልነገርኳትም። እሷ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች «አንቺ፣ እኔን በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?» አለች።

«ሥራ… ሥ/ፈ።»

«ተይ እንጂ። በሙሉ አፍሽ።»

«ሥራ ፈት ብዬ ነው» አልኳት። ወለሉን እያየሁ።

ሳቅ ሰማሁ። ትራሷን ደረቷ ላይ ይዛ ትስቃለች፤ ዕንባዋ ይወርዳል።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰፈሩ በአፉ ሥራ ፈት ሲለኝ ኖረ። በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ ሥራ ፈጣሪ ብላ የላከችኝ አንቺ! ተሳድበሽ እንኳ ሰው ታከብሪያለሽ! አልሰረዝም! በሞቴ አልሰረዝም!»

«እትዬ፣ እኛስ? ስድስት ሴት ነን።»

መሳቋን አቆመች። «ለእነሱ ነግረሻቸዋል?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«በይ ከእነሱ ጀምሪ» አለች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ የንባብም ያው ነው።»

ስወጣ ከመስኮቱ ጠራችኝና በነጭ ቴፕ የተጠቀለለውን ቁልፍ አሳየችኝ። «ይሄ ደግሞ እንዳለ ይቆያል። ቤት ቆልፈሽ ቁልፉን ውስጥ ስትረሺ ባልሽ በምን የሚከፍት ይመስልሻል? በቧንቧ?»

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ስብሰባ ተደረገ። በእኛው ክፍል፣ በመደርደሪያዎቹ መሀል። እንቅልፌ ተቀስቅሳ መጣች፤ ዙረት ጃንጥላዋን ሳታጥፍ ገባች። የባሌ እህት በወንድሟ ክንድ ተደግፋ መጣች። መስኮቱ ባዶ ሲሆን ጊዜ መንገዱ ሁሉ ደንግጦ «ምን ሆነች?» ሲል ነበር።

አምስተኛውን ረቂቅ አነበብኩ። ሳልቸኩል።

«የማኅበሩ ጸሐፊ ሥ/ፈ የሚለውን ሥራ ፈት ብላ አንብባለች። ሁለተኛውንም ገጽ ሳታነብ አንብቤዋለሁ ብላለች። በዚህ ምክንያት ማኅበሩ ራሱን ሳይጠቁም ቀርቷል። ስህተቱ የዝናቡም፣ የተላላኪውም፣ የመነጽርም አይደለም። የእሷ ነው።»

የቧንቧው ጠብታ ብቻ ይሰማል። (ባለቤቴ ቀና ብሎ አየው። እዚያም ላይ ሆኖ!)

ሊቀመንበሯ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ስድስት ሴት ሜዳ ላይ ልትበተን ነበር እኮ» አለች። «ከአንድ ወር በፊት ደብዳቤው በእጃችን ነበር። ሁለተኛውስ ወረቀት ተብለሽ ነበር።»

ለዚህ ቀልድ ፈለግሁ። አላገኘሁም። «አዎ» አልኩ ብቻ።

ማማሰያዋን መልሳ አነሣችና «ፈ?» አለች።

«ፈ።»

«ሰው ፈ ሲባል ፈጣሪን ትቶ ፈትን ያስባል?»

መጀመሪያ የሳቀችው የባሌ እህት ናት። ከዚያ ሁሉም። እንቅልፌ «ቆይ እንጂ፣ ሥራ ፈት ተብዬ ነው ያቺ ልጅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ትጋቴ የጠየቀችኝ?» ስትል መደርደሪያው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። ሊቀመንበሯ አልሳቀችም፤ ትከሻዋ ግን አንድ ሁለቴ ተንቀጠቀጠ፤ አይቻለሁ።

የቀረው ጥያቄ ማን ይውጣ ነበር። ዙረት ጃንጥላዋን አነሣች። ለካ ቤትና ሠራተኛ አገናኝ ናት፤ ደላላ። «እኔን ሰርዙኝ! ያቺ ልጅ ስሜን ከጻፈች ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ዛሬ ጥናት ይላሉ፣ ነገ ግብር ይላሉ። ሥራ ፈት በሉኝ፣ ለእኔ እሱ ይሻለኛል!»

ያንን ቃል ለምኖ የወሰደ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁሉም ፈረሙ። ሊቀመንበሯ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ስትጫን ቀና ብላ አየችኝ። «ይህ የመጨረሻው ነው። በሚመጣው ዙር የማታ እገባለሁ። አንቺን የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል።»

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

በአንድ ቀን ቀድሜ አደረስኩት። በእጄ። አጥኚዋ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ። ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና «እናቴ፣ ይህንን ስህተት ጥናቱ ውስጥ ላስገባው? ማንን መጠየቅ እንዳለብን ካስተማረን ነገር ሁሉ ይበልጣል» አለችኝ።

«ስሜ ይጻፋል?»

«በጥናት ውስጥ የሰው ስም አንጽፍም።»

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው?» አልኳት። ግን ፈቀድኩላት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን አመጣኋት። ሊቀመንበሯ ማማሰያውን ሰጠቻት፤ አምስት ደቂቃ አማስላ ክንዷ ዛለ። ስለ ሥራው መጠየቅ ሳያስፈልጋት ገባት።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

መልስ የለም። ባለ ጋራዡ በሩ ላይ ቀለም ጀምሯል። እንቅልፌ ግን የእኛን ሳሙና መጠቀም ጀመረች፤ ማታ ሥራ ስትጀምር እኔው በደጇ አደርስላታለሁ። በደጇ ሳልፍ አልጮኽም። ሰዓት ገዝታለች።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ማስታወቂያው ተለጠፈ! ሕዝብ ተሰብስቧል። «ጸሐፊዋ ታንብብ!» አሉ። አንድ በአንድ፣ እየለቀምኩ፣ ከርእሱ ጀምሬ አነበብኩ። መንገዱ በሙሉ «ሁለተኛውን ገጽ!» እያለ ይጮኻል። እኔም አልዘለልኩም፤ ማኅተሙን ሳይቀር አነበብኩ፤ በማኅተሙ ዙሪያ ያለውን ለማንበብ አንገቴን ጠምዝዤ።

ክፍል አራት፦ የሳሙና ማኅበር። ክፍል አምስት፦ እንቅልፌ፤ ጉልበት ያለው መብራት ይገባላታል። መስኮት «ክፍል አልፈልግም» ብላ ጽፋለች፤ ያስጻፈችው በእኔ ነው። ለጽ/ቤቱ ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ለፀሐዩ መከለያ።

ሊቀመንበሯ ከሕዝቡ ፊት አቀፈችኝ። አጥንቴ ተንቋቋ። ጆሮዬ ላይ «አሁንም አልረሳሁልሽም» አለችኝ። እኔም አልረሳሁም።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ገባን። ሳሙናውን በእጃችን፣ እየተቀባበልን፣ አንድም ሳይሰበር። የአዲሱ ክፍል ቁልፍ መስኮት ዘንድ ሃያ አራተኛው ምስማር ላይ ተሰቀለ፤ ክሩን እኔ መረጥኩ፣ ቢጫ ነው።

ከሰዓት በኋላ ታፔላ ጸሐፊው መጣ። በሩን ለካ፣ ቃሉን ለካ፣ ራሱን አከከ።

«የሥራ ፈጣሪ ሴቶች የሳሙና ማኅበር። ረዘመ፤ በሩ ጠባብ ነው። ሥ/ፈ ብዬ ላሳጥረው?»

አምስት ሴቶች ዞረው እኔን አዩኝ። ባለቤቴ ሳይቀር ከሚገጥመው ቧንቧ ቀና አለ።

«ሙሉውን ጻፍ» አልኩት።

«አይበቃም እያልኩሽ!»

«ካልበቃ ግድግዳው ላይ ቀጥል።»

እንደዚያው አደረገው። በሩ ላይ «የሥራ ፈ» ብሎ አለቀ፤ «ጣሪ ሴቶች የሳሙና ማኅበር» የሚለው ግድግዳው ላይ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ መንገደኛ በሩ ፊት ቆሞ አነበበና ሳቀ። «የሥራ ፈቶች ቤት ነው እንዴ?»

ማገላበጤን አቆምኩና ወጣሁ።

«ቀስ ብለህ አንብብ ወንድሜ» አልኩት፤ «ሁለተኛው ገጽ ግድግዳው ላይ ነው።»